አራተኛው ጣውላ

አባ ቀዳዳ የሚለውን ስም ያወጣለት አብሮት የሚሠራው ቀለም ቀቢ ነው። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ወሬ የማይቋጥር ለፍላፊ ይመስለዋል፤ ሰውየው ግን በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ብዙ ነው። አናጢ ነው። ከፈረሰ ቤት፣ ከተጣለ ሳጥን፣ ካረጀ መኪና በወጣ እንጨት ብቻ ይሠራል፤ የሚሠራው ዕቃ ሁሉ ደግሞ ቀዳዳው እንደተከፈተ ይቀራል። ሌላው አናጢ አሮጌ ጣውላ ሲያገኝ የሚስማሩን ቀዳዳ በሰጋቱራና በኮላ ደፍኖ፣ አለስልሶ፣ አዲስ ነው ብሎ ያስረክብሃል። አባ ቀዳዳ ግን ይባስ ብሎ እያንዳንዱን ቀዳዳና ስንጥቅ በቀይ እርሳስ ይከብበዋል። ደንበኛ ሲቆጣ «ያለበትን እያየህ ተጠቀምበት» ይላል፤ ካልተስማማህ መጋዙን አንጠልጥሎ ይሄዳል።

እኔ ጋሼ ነው የምለው። አንቱ ስለው ፊቱን ስለሚያዞር ከልጅነቴ ጀምሮ አንተ ማለትን ለምጃለሁ። የአባቴ ጓደኛ ነበር። ጓደኛ ማለትም ያንሳል፤ አንድ መጋዝ ግራና ቀኝ ይዘው የሚስቡ፣ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው መሐረብ የሚያወጣ ዓይነት ሰዎች ነበሩ። አባቴ የሞተው እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። የአንድ አዳራሽ ኮርኒስ ሲሠሩ ከቆሙበት የጣውላ ርብራብ ላይ ወደቀ። እናቴ ስለ አሟሟቱ በተጠየቀች ቁጥር የምትመልሰው አንድ ነው፤ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ያ ሰውዬ ጠጥቶ ነው የወደቀው።» ከዚያ ሌላ ወሬ ታነሳለች። ስለ ባሏ ስታወራ «አባትሽ» ስትል ሰምቼያት አላውቅም። ያ ሰውዬ ነው። የዚያ ሰውዬ ኮት፣ የዚያ ሰውዬ ወንበር።

ምክንያት ነበራት። አባቴ በጎረምሳነቱ ብርጭቆ ሳይጨብጥ የማይውል ሰው ነበር አሉ። እኔ ስወለድ ግን እጁን ጭንቅላቴ ላይ ጭኖ «ሁለተኛ ብቀምስ ይህችን ልጅ ለማሳደግ አያብቃኝ» ብሎ ማለላት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አመነችው። በዘጠነኛው ዓመት ሬሳው ልብሱ አልኮል አልኮል እየሸተተ ገባ። የአዳራሹ ሥራ ፎርማን በለቅሶው ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ለእንጨት መቀቢያ የተሰጠውን አልኮል ጠጥቶት ነው» አለ። እናቴ በዚያን ቀን የቀበረችው ባሏን ብቻ አይደለም። መሐላው የተማለው በእኔ ራስ ነበርና እኔም ድርሻዬን ወስጃለሁ፤ እስከ ትልቅነቴ ድረስ ሰው ጭንቅላቴን ሲዳብሰኝ አልወድም ነበር።

ጋሼ ከዚያ በኋላ ከደጃችን አልጠፋም። ክረምት ሳይገባ ጣራችን ላይ ወጥቶ የላላውን ሚስማር ይመታል። በራችን በእርጥበት ሲያብጥ ይልግልናል። እኔ ሥራ ስጀምር የመጀመሪያዋን የስፌት መኪናዬን የማስቀምጥበትን ጠረጴዛ ሠርቶ በትከሻው ተሸክሞ አመጣልኝ። ቤት ገብቶ ግን አይቀመጥም። ደፍ ላይ ቆሞ ውሃውን ይጠጣል፣ ብርጭቆውን መሬት ላይ ያስቀምጣል፣ ይሄዳል። አላገባም፣ አልወለደም። አንድ ቀን ቤቱ ሄጄ አናጢ ሆኖ ሳለ አንድ ፍራሽና አንድ በርጩማ ብቻ እንዳለው አይቼ ስቄበታለሁ። ግድግዳውን ተደግፎ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ነበር፤ ምንነቱን አልጠየቅሁም። እናቴ ጣራው ላይ ስታየው «ከሁለቱ ሰው የነበረው እሱ ነው» ትላለች፣ ጮክ ብላ፣ እንዲሰማ። እሱ አንገቱን ይደፋል። እኛ ትሕትና መሰለን።

ባለፈው ዓመት ሥራዬን ከቤት አወጣሁ። ቱታና የደንብ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሦስት የስፌት መኪና ከአንዲት አልጋና ከአንዲት እናት ጋር በአንድ ክፍል መኖር አቃተው። ያገኘሁት ቤት ድሮ ጋራዥ ነበር። ወለሉ በግሪስ ጠቁሯል፤ መሃሉ ላይ መካኒኮች ከመኪና ስር ቆመው የሚሠሩበት የሰው ቁመት ያህል ጉድጓድ አለ። ከሁሉ የገረመኝ ግድግዳው ነው። መፍቻው ሁሉ የት እንደሚሰቀል ለማወቅ ዙሪያውን በነጭ ቀለም ሥለውት ነበርና መሣሪያዎቹ ከሄዱ ከስንት ጊዜ በኋላ የያንዳንዳቸው ቅርጽ እዚያው ቀርቷል። ትልቁ መፍቻ፣ ትንሹ መፍቻ፣ መዶሻው፣ ጉጠቱ፤ የሌሉ ዕቃዎች በተርታ ተሰቅለው ያዩኛል።

ጋሼን ጠራሁት። በሩ ላይ ቆሞ ብዙ አየ።

«አዲስ እንጨት የምገዛበት አቅም የለኝም» አልኩት።

«ማን ግዢ አለሽ?» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ጋሪ እያስነዳ መጣ። ከአሮጌ አውቶቡስ የተነቀሉ መስኮቶችን አንድ ላይ ገጣጥሞ የመቁረጫውን ክፍል ከመስፊያው ለየልኝ፤ አንዱ መስኮት እስከ ዛሬ ድረስ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ሻይ በዚያ በኩል ነው የምንቀባበለው። ከፈረሰ ትምህርት ቤት ያመጣቸው በሮች መደርደሪያ ሆኑ። የኤሌክትሪክ ገመድ የሚጠቀለልበት ትልቅ የእንጨት መንኮራኩር ተኝቶ የቁልፍ መስፊያ ጠረጴዛ ሆነ። ያለቀ ጎማ በቁርጥራጭ ጨርቅ ተሞልቶ መቀመጫ ሆነ። ነጮቹን የመፍቻ ቅርጾች ቀለም ቀቢው ሊያጠፋቸው ብሩሹን ሲያነሣ ጋሼ እጁን ያዘው። «ተዋቸው፤ የነበሩ ናቸው» አለው።

አሠራሩ ልዩ ነበር። እያንዳንዱን ጣውላ በጣቱ አንጓ ሦስት ጊዜ ያንኳኳና ጆሮውን ይለጥፍበታል።

«ምን አለህ?» አልኩት አንድ ቀን ለቀልድ።

«ጤነኛ እንጨት ይመልሳል። ዝም የሚለው ነው የሚያስፈራው» አለኝ፤ እሱ አልቀለደም።

የጉድጓዱን ክዳን ያበጀ ቀን አይረሳኝም። ከአሮጌ ድልድይ በወጡ ወፋፍራም እንጨቶች ከደነው። ከዚያ አንዱ ላይ ወጥቶ መዝለል ጀመረ። ስድሳን ያለፈ ሰውዬ እንደ ሕፃን እየዘለለ ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል፤ በአንዱ ላይ ሦስት ጊዜ፣ በሚቀጥለው ላይ ሦስት ጊዜ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ወዲያው ግን ፊቱን አየሁ፤ ላብ አጥምቆታል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ዘሎ ሲጨርስ ክዳኑን በጫፍ በኩል ከፍቶ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ከስር ሆኖ «አሁን እለፊ» አለኝ። አለፍኩ። በእንጨቶቹ መካከል ባለው ስንጥቅ ቁልቁል ሳይ፣ ጨለማው ውስጥ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ከእግሬ ስር ከስር እየተከተለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ምን ሆነሃል?»

«ምንም። እንኳን ተሻገርሽ» አለኝ ከታች።

ሌላም ነገር ነበረው። ረጅም ጣውላ ሲያነሣ አንዱን ጫፍ ድጋፍ ላይ ያሳርፍና ሌላውን ጫፍ ይዞ «ያዝክ?» ይላል። ማንም የለም። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ይጠብቃል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ያነሣል። መጀመሪያ ስሰማው ዞሬ ሰው ፈለግሁ። ቀለም ቀቢው «ጎበዝ ረዳት ነው፤ አይቀር፣ አያረፍድ፣ ምሳ አይል» አለና አሳቀኝ። ቀለም ቀቢው ወደ ቤቱ ሄዶ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ግን ሳቁ ይጠፋብኝ ነበር። ከጊዜ በኋላ ራሴን አየሁት፤ በዚያ ባዶ ጫፍ በኩል ሳልፍ ሰው እንዳልገፋ ጠጋ ብዬ እየዞርኩ ነው የማልፈው።

ለእናቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቢላዋው ቆመ።

«‹ያዝኩ!› ይለው ነበር ያ ሰውዬ፤ ሰፈሩ እስኪሰማ። ይህንን ቤት ሲሠሩ ጆሮዬ ሊደነቁር ነበር» አለች። ከዚያ «ለምዶበት ነው የሚጠራው። የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም» ብላ ሽንኩርቷን ቀጠለች። እንድትመጣና ቤቱን እንድታይ ስጠይቃት ጉልበቴ አለች። ጉልበቷ ገበያ ለመሄድ አሟት አያውቅም።

እንዲህ እንዲህ እያልን የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ደረስን። የኔ ሥራ ልቡ እሱ ነው፤ አራት ሜትር ርዝመት ያለው፣ ጨርቁ ሳይታጠፍ የሚዘረጋበት ጠረጴዛ። ጋሼ እግሩን ከብረት አበጀና ከጭነት መኪና ወለል የወጡ ስድስት ጣውላዎች ይበቁታል አለ። አንደኛውን አሰረ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ከዚያ የአራተኛውን ቦታ ክፍት ትቶ አምስተኛውንና ስድስተኛውን አሰረ። ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር ስንዝር ከጋት ስፋት ያለው ክፍተት መሃሉ ላይ ይዞ ቀረ።

«አራተኛውስ?»

«አለ።»

«የት?»

«ቤት።»

«ታዲያ ለምን አይመጣም?»

«ይመጣል» አለኝ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም።

ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ወር ሊሞላ ነው። የሁለት መቶ ቱታ ሥራ ይዣለሁ፤ ጨርቄ መሃሉ ላይ ይረግብብኛል፣ የጠመኔው መስመር ይሰበራል፣ መቀስ ስጨብጥ ነገር ነገር ይለኛል። ጠረጴዛው የቆመው ከጉድጓዱ ክዳን አጠገብ ነውና በክፍተቱ በኩል ቀዝቃዛ አየር እየወጣ እጄን ይነካኛል። በጠራራ ፀሐይ፣ በአውቶቡሱ መስኮት የገባው ብርሃን በሞላበት፣ እጄ ያን ክፍተት ባለፈ ቁጥር ፀጉሬ ይቆማል። አንድ ሰው ቦታውን ይዞ ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስለኝ ጀመር። ሌላ ጣውላ አድርግበትና ገላግለኝ ብዬ ተቆጣሁ። «ልኩ የሱ ነው» አለኝ። እኔም እናቴ እንደምትለው ቁጣዬ ከአፍንጫዬ ላይ ነው፤ ሁለት ቀን አኮረፍኩት።

ነገሩን ያፈነዳው ቀለም ቀቢው ነው። ከፊት ያለው ደንበኛ የሚስተናገድበት ጠረጴዛ ያብረቅርቅ ብዬው ነበርና አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ቆርቆሮ ይዞ መጣ። ክዳኑን ሲፈለቅቀው እኔ ቁልፍ እየቆጠርኩ ነበር። ቁልፉ ከእጄ ላይ ተበተነ።

«ማነው የጠጣው?» አልኩ።

ቀለም ቀቢው ሳቀ። «እኔ በሥራ ሰዓት? ጎማላካ ነው እቴ፤ ዕቃ የሚያብረቀርቀው። የሚሟሟው በአልኮል ስለሆነ እንዲህ ይሸታል።»

እኔ ግን ጎማው ላይ ቁጭ ብያለሁ። ሽታው ጣፈጥ ብሎ ይሰነፍጣል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አላገኘሁትም ነበር፤ ጋሼ የሚሠራበት ቦታ ሁሉ ዘይት እንጂ ጎማላካ አይገባም። «የአባቴ ሽታ ነው» አልኩ። ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር አፌ ዝም ብሎ አወጣው። «ማታ ገብቶ ሲያቅፈኝ እንዲህ ነበር የሚሸተው። ሬሳው ሲመጣም እንዲህ ሸተተ፤ መጠጥ ነው አሉ። እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ለካ ሁልጊዜ ጠጥቶ ነበር የሚያቅፈኝ። እናቴ እንዳትሰማ ብዬ በሆዴ ይዤው ኖርኩ።»

ቀለም ቀቢው መሳቁን ተወ። «እንዲህ ከሆነማ እኔም ሰካራም ነኝ፤ ሚስቴን ጠይቂ። ይህ ነገር ሸሚዝ ላይ ካረፈ ሦስት ቀን አይለቅም። አባትሽ ዕቃ ይቀባ ነበር እንዴ?»

መልሱን የሚያውቀው ጋሼ ነበርና ዞሬ አየሁት። ቀይ እርሳሱን ይዞ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ መጋዙን፣ መዶሻውን፣ መላጊያውን ሁሉ እዚያው ትቶ ወጣ። ያ ሰው መሣሪያውን ትቶ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዘጠኝ ቀን ጠፋ። ቤቱ ሄጄ አንኳኳሁ፣ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፣ አልከፈተም። እናቴን «ጎማላካ ሊሆን አይችልም ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። አልተቆጣችም፤ እንደ ደከመው ሰው ነው የመለሰችልኝ።

«የአናጢ ሚስት ነኝ፤ ጎማላካ ይጠፋኛል? ቀባው ሳይሆን ጠጣው ነው ያሉኝ። እኔም አላመንኩም ነበር። ግን ጓደኛው እዚያው ቆሟል። ዞሬ አየሁት፤ ‹አይደለም› በለኝ ብዬ ዓይን ዓይኑን አየሁት። ዝም አለ። ውሸት ቢሆን እሱ ዝም ይል ነበር? ያን ጊዜ አፉ እንዲህ አልተዘጋም፤ ሐኪሙ ነበር የሚሉት። የሞተ እንጨት ያስነሣል ይሉት ነበር።»

በአሥረኛው ቀን ረፋድ ላይ ጋሪው መጣ። ላዩ ላይ ያን ጊዜ እቤቱ ያየሁት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ነበር፤ በመሃሉ እጥፍ ብሏል። ጋሼ ጢሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር።

«እትዬን ጥሪያቸው» አለኝ። «ሁለቴ የምናገረው ነገር አይደለም።»

እናቴ በዚያ ጉልበቷ መጣች። በጎማው መቀመጫ ላይ አስቀመጥናት። ጋሼ ብርድ ልብሱን ፈታው፤ ከመሃሉ ለሁለት የተሰበረ ጣውላ ነበር። የተሰበረው አንድ ትልቅ የብሎን ቀዳዳ ላይ ነው። የጣውላው ፊት ለስልሶ ያበራል፤ ስብራቱ ላይ ግን ቀዳዳውን የሞላው የሰጋቱራና የኮላ ድብልቅ፣ እንደ ደረቀ ገንፎ ቢጫ ሆኖ ይታያል። በዙሪያው ያለው እንጨት በስብሷል።

«ይህ የኔ እጅ ሥራ ነው» አለ። ቆሞ ነበር የሚናገረው፣ እጁን አጣምሮ፣ እንደ ተማሪ። «ሐኪሙ የምባል ጊዜ። ለመደርደሪያ ብዬ ነበር። በስብሷል፣ ግን መደርደሪያ ምን ይሸከማል፣ ዕቃ ነው። ደፈንኩት፣ አለሰለስኩት፣ ቀለሙ እንዲመሳሰል ሻይ ቀባሁት፤ እኔም ራሴ ቀዳዳው የቱ ጋ እንደነበር ማግኘት እስኪያቅተኝ። ከደህናዎቹ ጋር ግድግዳ ላይ አስደገፍኩት። ምልክት አላደረግሁበትም። እንዴት እንዳማረ እያየሁ ሚስማር ላመጣ ሄድኩ። እሱ ጠዋት በሮቹን ጎማላካ ሲቀባ ነው ያረፈደው። ርብራቡ ላይ አንድ ጣውላ ሲጎድለው ሄዶ መረጠ። ከሁሉ ያማረውን መረጠ።»

በአውቶቡሱ መስኮት ማዶ የስፌት መኪናዎቹ ቆመዋል።

«ምን ነበር የጠጣችሁት?» አለች እናቴ።

«ሻይ። ጠዋት፣ አብረን። ሌላ ምንም። ከማለላችሁ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ሲቀምስ አላየሁም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ጠጥቶ ነው ካሉ ጣውላውን የሚያይ የለም፤ አልጠጣም ካልኩ ያዩታል። አንድ ቀን ብቻ ዝም ልበል አልኩ። ማምሻውን ሰብስቤ ወሰድኩት። ለቅሶው ይለፍ አልኩ፣ ክረምቱ ይውጣ አልኩ፣ ልጅቷ ትደግ አልኩ።» ወደ እኔ ዞረ። «መጠጥ ሸተተኝ ብለሽ ታድጊያለሽ ብዬ አላሰብኩም። ያንን አላወቅሁም ነበር።»

እኔ እንደ እናቴ አይደለሁም። «ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ» አልኩት። ሌላም ብዙ አልኩት። በጣራችን ላይ እየዞረ ሚስማር ሲመታ በሆዱ ምን ይዞ እንደነበር፣ እናቴ ሰው የነበረው እሱ ነው ስትል እንዴት እንደሰማት ጠየቅሁት። አባቴን አንዴ ጣውላው ገደለው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ግን አንተ ነህ የገደልከው አልኩት። ይህን በማለቴ አልኮራም፣ አልጸጸትምም። ጣውላህን ይዘህ ውጣ አልኩት። ጎንበስ ብሎ ብርድ ልብሱን መጠቅለል ጀመረ።

«ተወው» አለች እናቴ።

እየተደገፈች ተነሣችና መጣች። ስብራቱ አጠገብ ተንበረከከች፤ ያን ጉልበቷን። ጣቷን ግማሹ በቀረው ቀዳዳ ውስጥ አስገብታ ቢጫውን ድፍን ቆረቆረችው፤ ዱቄት ሆኖ እጇ ላይ ወረደ።

«ከሁሉ የሚያምረው ይህ ነበር?» አለችው።

«ነበር፣ እትዬ።»

«የሚያምር ነገር ይወድ ነበር» አለች። ከዚያ አለቀሰች። ለባሏ ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው፤ በለቅሶው ቀን እንኳ ጥርሷን ነክሳ ነው የዋለችው። በእጇ ላይ ያለውን ዱቄት አላራገፈችውም። «መቃብሩ ላይ አንድ ቀን ቆሜ አላውቅም። መሐላውን በላ ብዬ። ልጄን ለማሳደግ ያላበቃው መሐላው ነው ብዬ» አለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ይሁን፣ ግን በመካከሉ ያለው ሌሊት የማን ዕድሜ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ስትጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ጋሼን ቀና ብላ አየችው። «እኔ አንተን ይቅር ለማለት ዛሬ አቅም የለኝም» አለችው። «ሥራህን ግን ጨርስ። ይህቺ ልጅ ሥራ ይዛለች።»

ጋሼ ሥራውን ጨረሰ። ሁለቱን ስባሪዎች ገጠማቸውና ከስር ከዳር እስከ ዳር ወፍራም ተሸካሚ እንጨት በብሎን አሰረባቸው። ከላይ ስብራቱ እንዳለ ነው፤ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅና በመሃሉ ግማሽ ግማሹ የተቆረቆረ ቀዳዳ። ያንን ብቻ በቀይ እርሳስ አልከበበውም። ጣውላውን አላንኳኳውም፣ ጆሮውንም አልለጠፈበትም። እኔ ቆሜ አየሁት፤ አልረዳሁትም።

ተሸካሚው ሲታሰርበት ጣውላው ከበደ፤ አንድ ሰው አንሥቶ ክፍተቱ ውስጥ ሊያስቀምጠው አይችልም። ቀለም ቀቢው አልነበረም። ጋሼ ሳይጠይቀኝ ድጋፉን ፈለገ፤ ያን ያህል ከፍ የሚል ድጋፍ አጣ። እኔ ሄጄ ሌላውን ጫፍ በሁለት እጄ ያዝኩ። የሱን ጫፍ ይዞ ጎንበስ እንዳለ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ እንደ ልማዱ ጠየቀ።

«ያዝክ?»

አልመለስኩለትም። የአንድ ትንፋሽ ጊዜ አለፈ። ሁልጊዜ ራሱን የሚነቀንቀው እዚህ ላይ ነበር፤ ዛሬ አልነቀነቀም፣ አላነሣምም። እንዳጎነበሰ ቀረ። መፍቻዎቹ ከግድግዳው ላይ ያዩናል። ጣውላው መዳፌን ይቆረቁረኛል።

«አባትሽ ሲይዝ ዝም አይልም ነበር» አለች እናቴ ከኋላዬ። «መልሺለት።»

«ያዝኩ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፤ አብረን አነሣነው።